ለላቦራቶሪ የቀዳሁት ውኃ

ሚስቴ ብርቱ ሚቅዌ አትገባም። እስራኤል አገር ሀደራ ከተማ ከገባን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው፤ ሴቶቹ ለመንጻት የሚነከሩበትን ያን ገንዳ አንድ ቀን ብቻ ሄዳ አይታዋለች። ስትመለስ "ቤት ውስጥ የታሰረ ውኃ ነው፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልነጻም" አለችኝ። በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ ጥፍሯን አይታ፣ ፀጉሯን አይታ፣ እንደ ገበያ ዶሮ ገልብጣ አይታ ነው ያስገባቻት። ብርቱ ደግሞ ይህን የምትረሳ ሴት አይደለችም። በሠርጋችን ሰሞን ለእናቷ የመለስኩትን አንዲት ቃል እስካሁን ታነሳብኛለች፣ እንኳን ይህን።

አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ፣ እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሴት ወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ መርገም ጎጆ ትቀመጣለች። ሰባት ቀኗ ሲሞላ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ወንዝ ወርዳ ልብሷን አጥባ ገላዋን ነክራ ወደ ቤቷ ትገባለች። ወንዝ ነው የምላችሁ፣ የሚሄድ ውኃ። እዚህ ያሉት ረቢዎች ቢስቁም፣ ልጃችን አቪቫ በእናቷ ብታፍርም፣ ብርቱ ስንዝር አልተነቃነቀችም። ክፋር ብራንዳይስ ሠፈር ባለችው ቤታችን ትንሿን ክፍል መርገም ጎጆ አደረገቻት። ሳህኗ ለብቻ፣ ብርጭቆዋ ለብቻ፣ ፍራሿ ለብቻ። ሰባተኛው ቀን ሲመሽ ከባሕር ዛፉ መናፈሻ ወዲያ ትሄዳለች፤ ናሓል ሀደራ የሚሉት ወንዝ ታጥፎ ከሰው ዓይን የሚሰወርበት ቦታ አለ፣ እዚያ ትወርዳለች። መናፈሻው ውስጥ ሥጋ የሚጠብሱት ቤተሰቦች አያዩዋትም። ቢያዩዋትም ግድ አልነበራት።

ጣጣው ያለው ከዚያ ወደ ላይ፣ ውኃው ከሚመጣበት በኩል ነው። በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ የተዘጋ ሚፍዓል አለ፤ የቧንቧ መክፈቻና የበር እጀታ እያንቆጠቆጠ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር። ብረቱን ገንዳ ሙሉ መርዝ ውስጥ ይነክሩታል፣ ሲወጣ መስታወት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱም ሞቷል፣ አጥሩም ግማሹ ወድቋል። በሱዳን በኩል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት እዚያ ገብቼ አራት ዓመት ሠራሁ። ሥራዬ ገንዳው ሥር የሚቀረውን አተላ በርሜል ውስጥ መሙላት ነበር። አተላው አንዱ ቀን ቢጫ ነው፣ አንዱ ቀን አረንጓዴ። በርሜሉ ሲበዛ አለቃው ከጀርባ ባለው ሜዳ ጉድጓድ አስቆፈረንና ቅበሩት አለን። "መሬት ውስጥ ገብቶ ይሞታል" አለ። እሺ አልን። እኛ ያኔ ለሁሉም ነገር እሺ ነበርን። እስከ አርባ ድረስ ቆጠርኩ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

ቀባሪው እኔ ነኝ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ስረግመው እውል ነበር፤ ራሴን ግን ስንት ጊዜ እረግማለሁ፣ ይሰለቻል።

መጀመሪያ ቁስሉ ቅልጥሟ ላይ ወጣ። ኩፓት ሆሊም የሚሉት ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ቅባት ሰጣት፣ አልዳነም። ሌላ ቅባት ሰጣት፣ ይሻላትና ወንዝ ስትወርድ ይመለሳል። ከዚያ ሁለት ጊዜ አረገዘች፤ አንዱ በአራተኛ ወሩ ወረደ፣ ሁለተኛው በአምስተኛው። ሐኪሙ "ያጋጥማል" አለ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በዚያ ውኃ ነው ብዬ አልምልም። ነገር ግን አንድ ክረምት፣ ዝናብ የጣለ ለታ፣ በናሓሉ ዳር ሽቅብ ስሄድ ከሚፍዓሉ አጥር ሥር የሚወጣ ውኃ አየሁ። ቢጫ ነው። ያ ቢጫ አራት ዓመት እጄ ላይ ነበር፤ ሕፃን ልጄን ሳቅፍ እንኳ አይለቅም ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ፍርሃት ነው የያዘኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ቤት ገብቼ ነገርኳት።

"ያ የምትወርጂበት ውኃ የሚፍዓሉ ነው። እኔ የቀበርኩት ነው እየመጣ ያለው።"

"ወንዝ ነው" አለች። "ይሄዳል። የያዘውን ይዞ ይሄዳል።"

"ይዞ የሚሄደው ወደ አንቺ ነው።"

"እንግዲህ አንተ ቀብረህ፣ እኔን ወንዝ ልትከለክለኝ?"

"ባሕሩስ?" አልኳት። "እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው።"

"ባሕር አይሄድም። የወሰደውን መልሶ ያመጣል።"

"በአውቶቡስ ሌላ ወንዝ ልውሰድሽ።"

"እንዲህ ሆኜ አውቶቡስ ላይ ሰው መካከል ልቀመጥ? አብደሃል እንዴ፣ አይቸው?"

እንዲህ ስንነታረክ ሁለት ዓመት ሄደ። ከዚያ አንድ የመከር ወቅት ሚፍዓሉ አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አቪቫን ይዤ ሄድኩና አነበበችልኝ። ቦታው ሊመረመር ነው፣ ተበክሎ ከተገኘ አፈሩ ተቆፍሮ ሊወጣ ነው ይላል። ያን ቀን እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት፣ በዚህ ዕድሜዬ።

"ምርመራው እስኪያልቅ ብቻ ታገሺኝ" አልኳት። "ቆሻሻ ከተገኘ አውጥተው ይጥሉታል፣ ወንዝሽም ይጸዳል። ንጹሕ ነው ካሉ ደግሞ እኔ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

"ቃል?"

"ቃል።"

ብዙ አሰበች። ልጅ ትፈልግ ነበር፤ ያ ነው ያሳመናት እንጂ እኔ አይደለሁም። "እሺ" አለች። "እስከዚያ እቀመጣለሁ።"

እቀመጣለሁ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ወንዝ ካልወረደች አልነጻችም። ካልነጻች ከትንሿ ክፍል አትወጣም፣ ምግብ አትነካም፣ እኔን አትነካም። እኔ ሁለት ወር ይፈጃል ብዬ ነበር፣ እሷም እንደዚያው። አሥራ አራት ወር ሆነ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ወጥ የሠራችው አቪቫ ናት። ለብርቱ ውኃ ሳቀብላት ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ፣ ከዚያ ታነሳዋለች። ትኩሳት ይዟት ሦስት ቀን ስትተኛ ግንባሯን የዳሰሰችው ልጇ ናት፤ እኔ በር ላይ ቆሜ "አተኮሳት?" እያልኩ እጠይቃለሁ። ሃያ ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት ናፈቅኳት፣ እዚያው አንድ ቤት ውስጥ።

በመካከሉ የደሙ ነገር መጣ። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው ለበሽተኛ ይሁን ብለን የሰጠነውን ደም፣ በሽታ ይኖርበታል ብለው ሲደፉት እንደኖሩ ቴሌቪዥኑ ተናገረ፣ ሰዉ ሁሉ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጮኸ። ብርቱ ከትንሿ ክፍል ሆና "ደማችንን ቀድተው የደፉ ሰዎች ናቸው ወንዛችንን መርምረው እውነቱን የሚነግሩን?" አለች። ጠብቂ አልኳት።

በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ሥራው ተጀመረ። እኔ ያኔ የጉልበት ሠራተኛ በሚያከራይ ኩባንያ ሥር ነበርኩ፤ ዛሬ ብርቱካን ነው፣ ነገ መጋዘን ነው። አንድ ጧት መኪናው ጭኖ ወስዶ የት ያወርደኛል? እዚያው ሚፍዓል በር ላይ። ሳቅኩ። ሾፌሩ ምን ያስቅሃል አለኝ፣ ምንም አልኩት።

ምርመራውን የሚመራው ራፋኤል የሚባል ሰው ነው። ወፍራም፣ ጆሮው በፀሐይ የተላጠ፣ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ የሚውል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። በሰባራው ዕብራይስጤ በርሜሎቹን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ ስለው ፍሬውን ተፋና አብሮኝ ሜዳውን ዞረ። ግን የት ብዬ ላሳየው? የነበረው መጋዘን ፈርሷል፣ ዛፎቹ ተቆርጠዋል፣ ሜዳው ላይ የሰው ቁመት የሚሆን ፍርስራሽና ኮንክሪት ተደፍቶበታል። እዚህ ይመስለኛል አልኩት፣ ከዚያ ወዲያ ሄጄ እዚህ ይመስለኛል አልኩት።

"ሜዳውን በሙሉ ለመቆፈር ፈቃድ የለኝም" አለኝ። "አራት ቧንቧ መሬት ውስጥ እንሰዳለን፣ ከሥር ያለውን ውኃ ቀድተን ለላቦራቶሪ እንልካለን። መርዝ ከተገኘበት እስከ መጨረሻው በርሜል እናወጣለን። ካልተገኘበት ፋይሉ ይዘጋል።"

ሁሉም ነገር በዚያ ውኃ ላይ ነው ማለት ነው። ስለ ብርቱ አልነገርኩትም፤ የሴት ነገር ለፈረንጅ አይነገርም። እንደ በሬ ግን ሠራሁለት። ቧንቧዎቹ ሲሰደዱ የሚወጣው አፈር እየሸተተ ነው የወጣው፤ ያ የሚፍዓሉ ሽታ፣ ሳንቲም አፍህ ውስጥ የያዝክ ዓይነት፣ ከጀርባው የሚቆመጥጥ። ራፋኤል እያሸተተ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ሽታውን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ሞኝ። አሁንማ አገኙት እላለሁ።

ውኃው የሚቀዳው በጋ ላይ ረቡዕ ቀን ነበር፣ ላቦራቶሪው ቀጠሮ ይዟል። ሰኞ ለራፋኤል የሚሉኢም ጥሪ መጣበት። እዚህ አገር ወንዱ ልጅ ወልዶ ከብዶም በየዓመቱ ሠራዊቱ ይጠራዋል፣ አልሄድም አይባልም። ረዳቱም ታሟል። "እንግዲህ ላቦራቶሪውን ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር ነው" አለ። "ከሁለት ወር በኋላ ነው የሚሰጡን።"

ሁለት ወር። ብርቱ እዚያች ክፍል ውስጥ ሌላ ሁለት ወር። "እኔ እቀዳዋለሁ" አልኩት።

አየኝ። "ትችላለህ?"

"ውኃ መቅዳት ነው እኮ" አልኩት። "ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስቀዳ ነው ያደግኩት።"

አሳየኝ። በገመድ የታሰረች ቀጭን ቱቦ አለች፣ ወደ ታች ትሰዳታለህ፣ ስትሞላ ታወጣታለህ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ትገለብጣለህ፣ ትከድናለህ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ መኪና መጥቶ ይወስዳል። ገባህ? በሴደር፣ ገብቶኛል አልኩት። የሚደረገውን ሁሉ ነገረኝ፤ የማይደረገውን አልነገረኝም። ጠርሙሱን አትጠብ ብሎ ለጤነኛ ሰው ማን ይናገራል? ለሱ የታወቀ ነገር ነው። ጠርሙስ ሳይታጠብ ውኃ እንደማይቀዳበት ደግሞ ለእኔ የታወቀ ነገር ነው።

ረቡዕ ማልጄ ሄድኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤያለሁ። ስምንት ጠርሙስ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቧንቧ ሁለት ሁለት። ስከፍታቸው ግማሾቹ ሥር ሁለት ሦስት ጠብታ ነገር ቀርቶባቸዋል፤ ሳሸተው አፍንጫ ይቆነጥጣል። ወይ ጉድ፣ ሳያጥቡ ነው እንዴ የሚልኩት አልኩ። በሩ ላይ ዘበኛው ጋ ወዳለው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ወስጄ ሦስት ሦስት ጊዜ አጠብኳቸው፣ በጣቴ ውስጣቸውን አሻሸሁ፣ ድንጋይ ላይ ደፍቼ አደረቅኳቸው።

ከዚያ ቱቦዋን ሰደድኩ። መጀመሪያ የወጣው ውኃ ቢጫ ነው፣ አተላ ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ ነገር ይዋልላል። አለህ አይደል አልኩት። አሁን ትያዛለህ።

እናቴ ምንጭ ይዛን ስትወርድ ያስተማረችን እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ውኃ ትደፋለህ። ላዩ ላይ ያለውን በቅል ገፋ ገፋ ታደርጋለህ። የደፈረሰ ከሆነ ታስቀምጠዋለህ፣ እስኪሰክን ቁጭ ትላለህ፣ ከዚያ በጨርቅ ታጠለዋለህ። የደፈረሰ ውኃ ለሰው ማቅረብ ሰውየውን መናቅ ነው፤ አንድ ቀን ለእንግዳ ዝቃጭ ያለበት አቅርቤ የቀመስኩት አለንጋ አሁንም ይታወሰኛል። ይህ ውኃ ደግሞ የሚሄደው ነጭ ካፖርት የለበሱ ምሁራን ፊት ነው። ከእኔ እጅ ነው የሚሄድላቸው። ከኛ ሰው እጅ። ዝቃጭ ላኩልን ይበሉ?

የመጀመሪያውን ደፋሁ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ቀጥሎ የመጣውን በባልዲ አድርጌ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝንብ እያባረርኩ ጠበቅኩት። ጭቃው ወረደ። ላዩን ገፈፍኩ። ከዚያ ዳቦዬ የተጠቀለለበትን ነጭ ጨርቅ አራግፌ፣ አለቅልቄ፣ በሱ እያጠለልኩ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ሞላኋቸው። በፀሐይ ሳያቸው እንደ እንባ ጠርተዋል። ስምንቱንም።

አልዋሽም፣ አንድ ሐሳብ መጥቶብኛል። እንዲህ ከጠራ መርዙን ያዩታል ወይ? አልኩ። ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ። ቀለሙ ለኛ ለመሃይሞቹ ነው፣ እነሱ ማሽን አላቸው። ጨው ውኃ ውስጥ ሟሙቶ አይታይም፣ ስትቀምሰው ግን አለ። መርዙም እንደዚያው ነው አልኩ። መኪናው መጥቶ ሳጥኑን ወሰደ። ያን ቀን ቤት ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነው። በበር በኩል "ዛሬ ውኃውን ላክሁት" አልኳት ብርቱን። "በገዛ እጄ ቀድቼ።" "እጅህ ይባረክ" አለችኝ።

መልሱ የመጣው ብርዱ ከገባ በኋላ ነው። ራፋኤል ሜዳው ላይ ዕቃውን ሲሰበስብ አገኘሁት፤ ፍሬ ይፈለቅቃል ግን አይበላውም።

"አራቱም ንጹሕ ናቸው" አለኝ። "ከተፈቀደው በታች ነው። አልገባኝም። ስንቆፍር እኮ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። አንተ እንዴት ነው የቀዳኸው? አንድ በአንድ ንገረኝ።"

ነገርኩት። አንዲት ነገር ሳላስቀር፣ እየኮራሁ ነው የነገርኩት። አጠባውን፣ መድፋቱን፣ ማስከኑን፣ ጨርቁን። ጨርቁ ላይ ስደርስ የቧንቧ ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

ቀስ ብሎ ነው ያስረዳኝ፣ አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ጠርሙሱ ሥር የነበረው ጠብታ አሲድ ነው፤ ከመርዙ የሚሟሟው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀሪው መርዝ ያለው ጭቃው ላይ፣ አተላው ላይ፣ ላዩ ላይ የሚዋልለው ላይ ነው። እኔ የደፋሁት፣ እኔ የገፈፍኩት፣ ጨርቁ ላይ ያስቀረሁት እሱን ነው። ጨርቁን ደግሞ አቪቫ በሳሙና አጥባዋለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ራፋኤል። "አንተን ብቻህን መተው አልነበረብኝም።"

"እንደገና እንቅዳ" አልኩት። "አሁን። ዛሬ። ጭቃውን እንዳለ እንላክላቸው።"

ሥራውን ያዘዙትን የመሥሪያ ቤት አለቆቹን ለመጠየቅ ደብዳቤ ጻፈ፣ እውነቱን ነው የጻፈው፣ ራሱንም ከሶ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልሱን ይዞ መጣ። የዓመቱ ሥራ ተዘግቷል፣ የላቦራቶሪው ውጤት ጸንቷል፣ በአንድ የቀን ሠራተኛ ቃል ፋይል አይከፈትም። እሱን ወደ ደቡብ አዛውረውታል። ከመሄዱ በፊት የቀረው ሥራ አራቱን ቧንቧ በሲሚንቶ መድፈን ነበር። ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። በርሜሉን ቀበርኩ፣ ውኃውን አጠለልኩ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ከየት ይገኛል።

ራፋኤል ሲሰናበተኝ እጄን ይዞ ቆየ።

እኔ ግን አልተውኩም። አቪቫን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ወደዚያው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሚስራዱ ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ጥሩ ሴት ናት፣ ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ ሰጠችኝ። ተናገርኩ፣ ብዙ ተናገርኩ። አቪቫ ሁለት መስመር ተረጎመችና አቆመች።

"የቀረውስ?" አልኳት።

"አባ፣ በዳቦ ጨርቅ ነው ያጠለለው ብዬ ልንገራት?" አለችኝ በአማርኛ፣ ጆሮዋ ቀልቶ። "ይስቁብናል።"

"ይሳቁ። ንገሪያት።"

ነገረቻት። ጸሐፊዋ አልሳቀችም። ኮምፒዩተሯን አየች፣ ፋይሉ ተዘግቷል አለች፣ ከልቧ አዘነች መሰለኝ። ከዚያ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብላ የውጤቱን ደብዳቤ፣ የሚክታቡን ቅጂ አተመችልኝ፣ ማኅተም መትታ በፖስታ ሰጠችኝ። ቦታው ንጹሕ ነው የሚለውን።

መንገድ ላይ ልቀደው አሰብኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አቪቫ አይታዋለች። ቤት እንደገባን ብርቱ በትንሿ ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

"ምን ይላል?"

አቪቫ እኔን አየችኝ። "ንጹሕ ነው ይላል እማ" አለች። "ግን..."

ግኑን አልሰማችም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር አሥራ አራት ወር አላየሁትም። ዞር ብላ ነጭ ልብሷን ማውጣት ጀመረች።

"ቆይ" አልኳት። "ተቀመጪና ስሚኝ።" ነገርኳት። ለራፋኤል እንደነገርኩት፣ ግን ያለ ኩራት። ጠብታውን፣ ጭቃውን፣ ጨርቁን፣ ያ ሁሉ መርዝ እዚያው እንዳለ። ልብሷን ጭኗ ላይ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አጥልለህ ነው የሰጠሃቸው?"

"አዎ።"

"ታዲያ የደፈረሰ ልትሰጣቸው ኖሯል?" አለችና ሳቀች።

"ብርቱ፣ ወረቀቱ ውሸት ነው። ደማችንን የደፉ ሰዎችን ወረቀት አላምንም ስትዪ አልነበረም?"

"ወረቀቱን ማን አመነ" አለች። "የቀዳኸው አንተ ነህ። እኔ ያመንኩት ያንተን እጅ ነው። በዚያ ላይ ቃል ሰጥተኸኛል።"

በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። እጆቼን ዘርግቼ። አትወጪም አልኳት። ልብሷን በክንዷ ይዛ ወደ እኔ መጣች፣ ቀጥ ብላ፣ ልትነካኝ አንድ እርምጃ ሲቀራት ሸሸሁ። አሥራ አራት ወር የለመድኩት ነው፣ እግሬ ሳላዘው ራሱ ዞር አለ። አለፈችኝ፣ ደረጃውን ወረደች።

ተከተልኳት። እስከ መናፈሻው ድረስ ነው የተከተልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ወንድ አይሄድም። ባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ቤተሰቦች ከሰላቸውን እያራገቡ ነበር፣ ልጆቻቸው ኳስ ይመታሉ። ተነስቼ ልጮህ እችል ነበር። ምን ብዬ? በማን ቋንቋ? እጄ ላይ ያለውን ማኅተም የተመታበትን ፖስታ እያሻሸሁ ቁጭ አልኩ። ፀሐይዋ ገባች።

ብርቱ መጣች። ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ነጭ ልብሷን ለብሳለች፣ አሮጌውን ጠምዝዛ በክንዷ ይዛለች። ቆማ አየችኝና አጠገቤ ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እስኪነካ ድረስ። ከዚያ እጄን አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ቀዝቅዟል እጅህ" አለች። "ገላዬም ልቤም ነው የቀለለኝ። በዚህ ዓመት ልጅ ይሰጠናል፣ ታያለህ።"

ሽታው ከፀጉሯ መጣ። ሳንቲም አፍህ ውስጥ የያዝክ ዓይነት፣ ከጀርባው የሚቆመጥጥ። ነግሬያታለሁ እኮ፣ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እጇን አልለቀቅኩም። እንደዚያው እንደተያያዝን ወደ ቤታችን ሄድን።